ገጣባው አህያና ባልንጀራው

በቢሾፍቱ ከተማ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ካለበት ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ ዕድሜውን የጋማ ከብት በማከም ያሳለፈ አንድ ሐኪምና በአጥቢያው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ በጉርብትና ይኖራሉ እንበል። ሁለቱን ያቆምኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚነጋገሩበት ነገር ግን ግማሹ በሊቃውንት ምርመራ የተገኘ፣ ግማሹም በአገራችን በረትና ጓሮ ሲነገር የኖረ ነው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ነገር ሲያገኝ ዝም ማለት እንደማይሆንለት አንባቢ ያውቀዋልና፣ ቀድመው የሚናገሩት መሪጌታው ቢሆኑ አይደንቅም።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ትናንት ወደ ማታ በአጥርህ በኩል ሳልፍ አሻግሬ ብመለከት ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ። ጀርባው የተገጠበ፣ ከጅራቱም ሥር ገመድ የበላው አንድ አህያ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ዳሌውን ወደ ሰው አድርጎ ቆሟል፤ አንተም ይህን ያህል ዘመን የተማርህ ሰው፣ መርፌህንና መድኃኒትህን ወዲያ አስቀምጠህ፣ ከእርሱ ራቅ ብለህ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠህ፣ እርሱን እንኳ ሳታይ ወደ ሐይቁ ታያለህ። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ዕረፍት?

ሐኪም፦ ሕክምና ነው፣ መሪጌታ። ቁስሉን ከማለዳው አጥበነዋል፣ የሞተውን ሥጋ አንሥተንለታል፣ መርፌውንም ወግተነዋል፤ ይህን ሁሉ ስናደርግ ግን ሁለት ሰዎች አጥብቀው ይዘውት ስለ ነበር፣ በመጀመሪያው ትውውቃችን ከእኛ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ማለት የሚይዝና የሚያሳምም ፍጥረት መሆኑን ነው። ይህንንም ከቀድሞ ጌታው ዱላ ተምሮት መጥቷልና፣ እኛ ትምህርቱን አጸናንለት እንጂ አላስተውነውም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ መድኃኒትም ገመድም ሳልይዝ፣ ምንም ሳልፈልግበት በአጠገቡ እቀመጣለሁ። ፊት ለፊት የማላየውም፣ አፍጥጦ የሚያይ አውሬ ሊበላ የመጣ አውሬ ስለሆነ፣ አህያም ይህን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው።

መሪጌታ፦ እንግዲያስ ከዚህ ላይ እንከራከር። አበው እንዳስተማሩን የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሞትም አይገዛትም። የእንስሳ ግን ደመ ነፍስ ናት፤ ከደሙ ጋር ትኖራለች፣ ከደሙም ጋር ታልፋለች። ማጽናናት ደግሞ የነባቢት ነፍስ ሥራ ነው፤ ያዘነ ሰው ዘንድ ሄደን እግዚአብሔር ያጽናህ ስንለው፣ ቃሉን ሰምቶ፣ ትርጓሜውንም አስተውሎ ይጽናናል። አህያ ቃልህን የማያስተውል ሲሆን፣ የአንተ በባልዲ ላይ መቀመጥ በየት በኩል ገብቶ ያጽናናዋል?

ሐኪም፦ ስለ ነፍስ ልከራከርዎት አልነሣም፤ እርሱ የእርስዎ ርስት ነው። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ልብ ብለው ያዩት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን ሐዘንተኛው የሚነገረውን አይሰማም፤ የሚያበረታው ዘመድ ጎረቤቱ በአጠገቡ መቀመጡ፣ አብሮት ማደሩ፣ በማግሥቱም ተመልሶ መምጣቱ ነው። ቃሉ የሚገባው ኋላ፣ ልቡ ሲመለስ ነው። እንግዲህ ከመጽናናት አንደኛው ክፍል፣ ያውም ከቃል የሚቀድመው ክፍል፣ የሚገባው በሥጋ በኩል ነው ማለት ነው፤ ሥጋን ደግሞ ከእንስሳት ጋር አብረን የምንካፈለው ነው።

መሪጌታ፦ ነገሩን ወደ ሥጋ አወረድኸው። ከወረደ ዘንድ፣ በሥጋ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ንገረኝ።

ሐኪም፦ እንስሳ ሲፈራ፣ ከኩላሊቱ ራስ ላይ ካሉት ሁለት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ወደ ደሙ ይገባሉ። የመጀመሪያው ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ለሩጫ ያሰናዳል፤ ሁለተኛው በሥጋ ውስጥ የተከማቸውን ስንቅ እያወጣ ለዚያ ሩጫ ያቀርባል። ጅብ ለመጣበት ሰዓት የተሠራ ድንቅ ሥርዓት ነው፤ ጅቡ ሲሄድ ይበርዳል። ነገር ግን የሚፈራው ነገር በየዕለቱ መኖና ውሃ ይዞ የሚመጣው ሰው ራሱ የሆነ እንደ ሆነ፣ ፍርሃቱ የሚበርድበት ሰዓት የለም። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ሲከርም ቁስል ቶሎ አይጠግግም፣ ሥጋ ሕመምን የሚከላከልበት ኃይል ይደክማል፣ እንስሳው ቢበላም አያምርበትም። ሰው ባየ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ አህያ፣ የፈለግሁትን ያህል መድኃኒት ብወጋው፣ ጀርባው የሚድነው በግድ ነው።

መሪጌታ፦ ይህንንስ ባላገር ያውቀዋል። እናቴ አንዲት ላም ነበረቻት፤ ለእናቴ እጅ ካልሆነ በቀር አትታለብም። እናቴ የታመመች ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ጎንበስ ቢል፣ ጥጃዋ ቀርቦ እንኳ ወተቷን ወደ ላይ ስባ ትይዝበት ነበር። እኛም ላሟ ተንኰለኛ ናት እንል ነበር።

ሐኪም፦ ላሟ ተንኰል አታውቅም፣ መሪጌታ። ወተትን ከጡት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ነው፤ ፍርሃት ሲገባ ያ ሆርሞን ይታገዳል፤ ላሟ ልስጥ ብትልም አይሆንላትም። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ላሞች ቀድሞ ክፉ ያደረገባቸው ሰው በሚታለቡበት ሰዓት ሳይነካቸው በአጠገባቸው ቢቆም ብቻ፣ በጡታቸው ይዘው የሚያስቀሩት ወተት እንደሚበዛ ታይቷል። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል፤ ላም ሰውን ከሰው ለይታ ታውቃለች፣ ያደረገባትንም አትረሳም። ለእኔ ሥራ መከራውም ተስፋውም ይኸው ነው። ክፉውን የምትይዝ ልብ በጎውንም ትይዛለችና።

መሪጌታ፦ ተስፋውን በምሳሌ አሳየኝ። ሊሞት ደርሶ በሰው ቸርነት የተነሣ እንስሳ ታውቃለህ?

ሐኪም፦ በአሜሪካ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂን ባወር የሚባል ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋር በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በላንካስተር የከብት ገበያ ይዞር ነበር። ከገበያው በስተኋላ በመንገድ የሞቱ ከብቶች የሚጣሉበት ክምር አለ፤ ከዚያ ክምር ላይ አንዲት በግ ራሷን ቀና አደረገች። ጭኖ ያመጣት ሰው ደክማ ስትወድቅ የሞተች አስመስሎ፣ ወይም ብትሞትም ግድ ሳይኖረው፣ ከበድኖች ጋር ጥሏት ሄዷል። ወጣቱም ሥቃይዋን የሚያሳጥር መርፌ እንኳ ብትወጋ ብሎ ወደ ሐኪም ይዟት ሄደ፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ብዙም ሳትቆይ በእግሯ ቆመች። ሂልዳ ብለው ስም አወጡላት። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖራ በእርጅና ሞተች፤ በእርሷ የተጀመረውም ፋርም ሳንክቹዋሪ የሚባለው ማኅበር በኒው ዮርክ ግዛት በዋትኪንስ ግሌን እስከ ዛሬ ከእርድና ከበደል የተረፉ ላሞችን፣ በጎችን፣ ዶሮዎችን ያኖራል።

መሪጌታ፦ ታሪኩ ያማረ ነው፤ እኔ ግን ዲያቆን ሳለሁ ጀምሮ ገድል ሲነበብ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና ያማረ ታሪክ ቶሎ አያሸንፈኝም። በጊቱን ያስነሣት ወዳጅነት ነው ወይስ ውሃና ጥላ?

ሐኪም፦ በመጀመሪያው ቀን ያስነሣት ውሃና ጥላ ነው። ይህን አለመሸሸግ ይገባናል፤ ረኃብ በመሻሸት አይጠፋም፣ የተሰበረ እግርም በለሆሳስ ንግግር አይጠገንም። ወዳጅነት ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጠግባ፣ ቁስሏም ደርቆ፣ ነገር ግን የበር መዝጊያ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ከበረቱ ጥግ የምትላተም በግ ድናለች አይባልም፤ ኑሮዋ በሙሉ ስደት ነው። ያን ስደት የሚያበቃው፣ በዚያው በር የሚገባ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያለ ክፋት ሲገባ ነው።

መሪጌታ፦ ስደቱ ያበቃ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እንስሳ ተጠይቆ አይመልስም።

ሐኪም፦ ተጠይቆ ይመልሳል፤ የምንጠይቅበትን መንገድ ማወቅ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ በተርካፕስ የሚባል፣ የተጣሉና የተበደሉ ፍየሎች የሚኖሩበት ስፍራ አለ። ኤሎዲ ብሪፈርና አለን ማክኤሊጎት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚያ ስፍራ 18 ፍየሎችን መረጡ፤ ግማሾቹ ቀድሞ በረኃብና በጥበት የተሠቃዩ፣ ግማሾቹ በደኅና የኖሩ ናቸው። በአንድ ጎዳና መጨረሻ መኖ እንዳለ፣ በሌላው መጨረሻ እንደሌለ ፍየሎቹን አስተማሯቸው፤ ከዚህም በኋላ በሁለቱ መካከል ያሉ፣ መኖ ይኑርባቸው አይኑርባቸው የማይታወቁ ጎዳናዎችን ከፈቱላቸው። ተስፋ የቆረጠ እንስሳ በማያውቀው መንገድ ይጓተታል፤ ደስ ብሎት የሚኖር ግን በጎ ነገር ይጠብቀኛል ብሎ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ታተመው፣ በዚያ ስፍራ ዓመታት ያሳለፉት የተበደሉ ፍየሎች ካልተበደሉት ወደ ኋላ አልቀሩም፤ እንዲያውም ሴቶቹ ካልተበደሉት ሴቶች ይልቅ ፈጥነው ተገኙ።

መሪጌታ፦ መከራ ያየ ሰው ጥቂት በጎ ሲያገኝ ደስታው የሚበዛ አይደለም? ይህስ አልገረመኝም። የገረመኝ ፍየል በጎ ነገር ይጠብቀኛል ማለቷ ነው፤ ሰው እንኳ በዚህ ዘመን ይህን ማለት አቅቶታል።

ሐኪም፦ በዚያው በበተርካፕስ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም፣ ፍየሎች የማያውቁት ሰው ፈገግ ያለበትና የተቆጣበት ሁለት ሥዕል ሲሰቀልላቸው፣ ወደ ፈገግተኛው መቅረብ እንደሚመርጡ አሳይቷል። እንግዲህ ፊታችንን ያነብባሉ። እኔም ወደ በረት ከመግባቴ በፊት የቤቴን ንዴት ከበር ውጭ ለማስቀመጥ የምሞክረው ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም።

መሪጌታ፦ ከዚህ ከከተማችን ባሻገር የሚታየውን ዝቋላን እያየሁ ሳድር፣ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር መኖራቸውን አስባለሁ። አራዊቱ የታዘዙላቸው በቅድስናቸው ነው። አንተ ግን ቅዱስ አይደለህም፣ አትቆጣኝና።

ሐኪም፦ አልቆጣም። ቅድስና ስለሌለኝ ነው ፉርሽካና ጊዜ የሚያስፈልገኝ። ጻድቁ በአንድ ጊዜ ያገኙትን እኔ በብዙ ቀን፣ ያውም በአንድ ሥርዓት ስጸና ብቻ ነው የማገኘው። በዚህ ላይ አንድ ምርመራ አለ፤ ከመንገሬ በፊት ግን የእንስሳውን ስም ስጠራ እንዳይጸየፉኝ።

መሪጌታ፦ እሪያ መሆን አለበት።

ሐኪም፦ እሪያ ነው። ፖል ሄምስወርዝ የሚባል የአውስትራሊያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእሪያ ግልገሎችን በየወገኑ ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን ሲቀርቡት በርኅራኄ እያሻሸ፣ ሌላውን ሲቀርቡት በኤሌክትሪክ ዘንግ እየመታ፣ አንዱን ወገን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እያሻሸ አንዳንድ ጊዜ እየመታ አሳደገ። የተመቱት ፈሩ፣ ዕድገታቸውም ቀነሰ፤ ይህ የታወቀ ነው። ዋናው ነገር፣ አንዴ የተሻሹ አንዴም የተመቱት ሆነው የተገኙት እንደ ተመቱት ነው። መሻሸቱ ብዙ፣ ምቱ ጥቂት ሲሆን እንኳ ፍርሃቱ አሸነፈ። እኔ በዕድሜዬ ከተማርሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ብዙ ሰው በልቡ ደግ ነው፤ አህያውን ማለዳ ያሻሻል፣ ገብስ ይሰጣል፣ ከቀትር በኋላ ግን ገበያ ሲመሽበት በዱላ ይለዋል። ደግነቱንም እንስሳው ስላልቆጠረለት ይህ ከብት ውለታ ቢስ ነው ይላል። አህያው ግን የሚፈልገው ነገ የሚሆነውን ዛሬ ማወቅን ነው፤ የሚያጽናናውም ይህ ነው። የተበደለ እንስሳ የሚድነው በሚታመን ሰው እጅ ነው፤ መታመን ደግሞ በየዕለቱ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘት ነው።

መሪጌታ፦ ይህን ይዤልሃለሁ። በል ትናንት ያየሁትን አህያ እስከ መጨረሻው ውሰደኝ። ዛሬ የት ደረሰ?

ሐኪም፦ ሲመጣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጣጥፈው፣ ጅራቱ ከታፋው ተጣብቆ፣ ከንፈሩ ተጨምቆ ነበር። አህያ ሕመሙን የሚሸሽግ ፍጥረት ነው፤ ፈረስ የሚወራጭበትን ሥቃይ አህያ ጸጥ ብሎ ይቆምበታል፣ ሰውም ይህን ዝምታ ጤና ነው ይለዋል ወይም ድድብና ነው ይለዋል። እኔ የማየው ጆሮውን ነው። ባልዲዬ ላይ ስቀመጥ በመጀመሪያ አንደኛው ጆሮ ወደ እኔ ይዞራል፤ ሰውነቱ ግን እንደ ነበረ ነው። ፉርሽካውን በመካከላችን አኖርና ራቅ እላለሁ፤ እኔ ሳልርቅ አይበላም። ቀጥሎ እኔ ሳልርቅ ይበላል፣ ነገር ግን አንድ ጉርሻ ጎርሶ ቀና እያለ ያየኛል። ከዚያ አንድ ቀን አንገቱን መዝዞ ጫማዬን፣ ቀጥሎም ጉልበቴን ያሸታል። በዚህ ሰዓት እጅን መስደድ ሁሉን ያፈርሳል! ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እርሱ ራሱ ደጋግሞ መጥቶ ሲቆም ጫንቃውን፣ ከአንገቱ ሥር ያለውን ስፍራ በጣቶቼ እፍቃለሁ፤ አህዮች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩት ከዚያ ላይ ነውና። ራሱን አልነካም፣ የተመታው ራሱን ነው። ደስ ሲለው ጆሮዎቹ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይወድቃሉ፣ የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ዓይኑ ይከደናል። ዛሬ ገና አንደኛው ጆሮ ብቻ ወደ እኔ ዞሯል።

መሪጌታ፦ ታናግረዋለህ?

ሐኪም፦ አናግረዋለሁ፤ ምን እንደምለው ግን አይጠይቁኝ፣ ያሳፍራል። በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳተሙት፣ ጊደሮች እየተሻሹ ሳለ ሰው ራሱ በለሆሳስ ሲያናግራቸው የሚያገኙት ዕረፍት፣ የዚያው ሰው ድምፅ ተቀድቶ በማጉያ ሲሰማላቸው ከሚያገኙት የበለጠ ነው። ሕያው ድምፅ ከሕያው ሰው ይፈልጋሉ ማለት ነው። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2009 በ516 የወተት ከብት አርቢዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት ገበሬዎች ከማይጠሩት ይልቅ በዓመት በአማካይ 258 ሊትር ወተት በየላሙ እንደሚጨምርላቸው ተነግሯል።

መሪጌታ፦ ቦራ፣ ቡሬ፣ ወይኖ እያለ በሬዎቹን በስም እየጠራ የሚያርሰው ገበሬያችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ያውቀው ነበር በለኛ! የላሜ ቦራን ተረት ያልሰማ ልጅስ ማን አለ? ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በተነሣ ጊዜም፣ ከድኻው ሰው እንጀራ የምትበላና ከጽዋው የምትጠጣ አንዲት በግ ምሳሌ አደረገለት። ንጉሡ ለዚያች በግ ነበር ቀድሞ የተቆጣው።

ሐኪም፦ እንግዲህ ሁለታችን መገናኘት ጀመርን። ነገር ግን አሁን ደግሞ እኔው ልከራከርዎ። የሰው ወዳጅነት ታላቅ ነገር ቢሆንም ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው የወገን ወዳጅነት ነው። ከመንጋው ተለይቶ በሰው እጅ ብቻ ያደገ ወይፈን፣ በጎለመሰ ጊዜ ሰውን እንደ ተቀናቃኝ አውራ ቆጥሮ ይወጋል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፣ ወገኑን እንዲያውቅ ያልፈቀዱለት ሰዎች ነው። አህያ ከሆነማ ነገሩ የበለጠ ነው። አህያ ከአንድ ሌላ አህያ ጋር በጥብቅ ይወዳጃል፤ ከዚያ ባልንጀራው ሲለይ መብላት ይተዋል፤ መብላት ሲተው በሥጋው የተከማቸው ስብ ወደ ደሙ ይጎርፋል፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ይታወካሉ፣ በጥቂት ቀንም ሊሞት ይችላል። በሕክምና ሃይፐርሊፒሚያ ይባላል። ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የሚባሉ እመቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር በዴቨን ያቋቋሙት፣ በአገራችንም ብዙ ዘመን የሠራው የአህዮች መጠጊያ፣ ሁለት ባልንጀራ አህዮችን አይለያይም፤ አንዱ ታምሞ ሐኪም ቤት ሲገባ ጤነኛውም አብሮ ይገባል። አንዱ የሞተ እንደ ሆነም፣ የቀረው ሬሳውን አሽትቶ፣ በአጠገቡ ቆሞ፣ ራሱ ፈቅዶ እስኪሄድ ድረስ ሬሳውን አያነሡበትም።

መሪጌታ፦ ይህን አልሰማሁም ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ስንል የኖርን ሰዎች ነን።

ሐኪም፦ ከጅብ አያስጥልም፤ ከሐዘን ግን ያስጥላል። ለዚህ ነው እዚያ አጥር ጥግ ያቺን አሮጊት ቡላ አህያ ያቆምኋት። እርሷ ሰው አትፈራም፤ እኔ ስገባ ወደ እኔ ትመጣለች፣ ገጣባውም ይህን ያያል። ከእኔ መቀመጥ ይልቅ የእርሷ አለመሸሽ ነው የሚያስተምረው። እኔ የምሠራው ከእርሷ በታች ረዳት ሆኜ ነው ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

መሪጌታ፦ አሁን የመጨረሻውን ክርክሬን ስማ፤ ቀላል አይደለም። ከደጀ ሰላም የሚያድር ስንት ድኻ አለ። ለሰው ያልደረሰ ርኅራኄ ለአህያ ሲደረግ ያየ ሰው ቢያጉረመርም እውነት የለውምን? ባለ አህያውም ቢሆን ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን፣ ያን ዳውላ ካላደረሰ ልጆቹ ጦም ስለሚያድሩ ነው የሚመታው።

ሐኪም፦ እውነት አለው፤ ስለዚህ እኔ ባለ አህያውን ስሰድብ ሰምተውኝ አያውቁም። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ አህያ ያላት አገር ናት፤ ውሃው፣ እህሉ፣ ማገዶው፣ ጡቡ በእርሱ ጀርባ ይሄዳል። አህያው የወደቀ ዕለት ያ ሸክም ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል? ወደ እናቲቱ ጀርባ ነው። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው፣ የአህያ ጤና የሰው ጉዳይ አይደለም ሊለኝ አይችልም። ኦሪትስ የጠላትህ አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አብረህ አንሣ ብላ ስታዝ፣ ከአህያው ጋር ጠላትየውንም ማንሣቷ አልነበረም?

መሪጌታ፦ ከቤቴ ገብተህ በራሴ መጽሐፍ ረታኸኝ። እንግዲያው እኔም አንድ ነገር ልጨምርልህ። ይህች ከተማ በ2009 ዓ.ም. የአህያ ቄራ ሲከፈትባት ጮኻ አዘግታ ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ አበባ ጉባኤው አህያ ለቆዳው ብቻ እንዳይታረድ ወስኗል። ለሚታረደው ጮኽን፤ በየመንገዱ እያየነው ገጥቦ ለሚሄደው ግን የጮኸ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ጥቂት ቃል ልናገር አስቤአለሁና፣ የማይከብደውን ንገረኝ።

ሐኪም፦ የማይከብደውን ብቻ እነግርዎታለሁ። ጭነቱ አከርካሪውን እንዳይነካ ጭድ የታጨቀ ጆንያ ከግራና ከቀኝ ያድርጉለት። ከጅራቱ ሥር የሚያልፈውን ገመድ በጨርቅ ይጠቅልሉት። የተገጠበውን እስኪጠግግ አይጫኑት፤ እስከዚያው ከጎረቤት አህያ ይዋዋሱ፣ ድሮም የነበረ ልማድ ነው። ተደብድቦ የከረመ እንስሳ የገዛ ወይም የተቀበለ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ በአንድ ሰዓት መኖውን ይስጠው፣ የሚቀርበው አህያ ቢያገኝለት አብሮ ያሰማራው፣ እርሱ ራሱ እስኪመጣ ድረስም እጁን ይሰብስብ። ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩበት እናቶች ይቆጧቸው። ሠርቶ ሠርቶ ያረጀውንም ማታ ከአጥር ውጭ አውጥተው ለጅብ አይተዉት፤ ማኖር ያቃተው ሰው ወደ እንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ይንዳው፣ ወይም ለእርስዎ ይንገርዎና እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።